ስኳር የሚቀርጹ፣ ማር የሚጠጡ

ሕንዶች ለበዓል ከስኳር ዝሆን ይሠራሉ። ፈረስ፣ ዓሣ፣ በቀቀን፣ አበባ፣ የቤተ መቅደስ ጉልላትም ይሠራሉ። ቅርጹ ከመዳፍ አይበልጥም፤ እንደ ኖራ ድንጋይ ነጭና ደረቅ ነው፤ ከምላስ ሲገናኝ ግን ወዲያው ይረታል። የታደለው ልጅ መጀመሪያ ኩምቢውን፣ ቀጥሎ እግሮቹን፣ በመጨረሻ ሆዱን እንደሚበላ መገመት አያስቸግርም። እኔ ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ ዝሆኑ ብቻ ልናገር አይደለም። በምኖርበት በሐይቅና በጎረቤታችን በአምባሰል የበዓል ጣፋጭ ለምን እንዲህ ያለ ቅርጽ ሳያገኝ ቀረ? ፈጣኑ መልስ «ድህነት ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበለውም፤ ምክንያቴን እነሆ።

ጥያቄውን የጫረብኝ ለትምህርት ማይሶር ቆይቶ የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከሻንጣው አንዲት የካርቶን ሣጥን አወጣ፤ በውስጧ በጥጥ የተጠቀለሉ ሰባት ነጫጭ ቅርጾች ነበሩ። አንዱ ዶሮ ጉዞው ላይ አንገቱ ተቀንጥሷል። በምሳ ሰዓት ከሻይ ጋር ቀመስናቸው። ጣዕሙን ለመናገር ያህል፣ ስኳር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከወተት የመጣች ቀጭን ጠረን አለችው። በአፋችን የቀረው ጣፋጩ ሲሆን በሐሳቤ የቀረው ቅርጹ ነበር።

በካርናታካ ይህን ጣፋጭ «ሳካሬ አቹ» ይሉታል፤ የስኳር ቅርጽ እንደ ማለት ነው። የሚሠራው ለሳንክራንቲ በዓል ነው። ሳንክራንቲ በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ወይም 7 ቀን ይውላል፤ ከጥምቀታችን አምስት ቀን ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ሴቶች ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ የደረቀ ኮኮናትና ያልተጣራ የአገዳ ስኳር ደባልቀው፣ ከላዩ የስኳሩን ቅርጽ አስቀምጠው፣ ሳሕኑን ለጎረቤትና ለዘመድ ያዞራሉ። ተቀባዩ በልቶ መልካም መልካሙን እንዲናገር ይመረቃል። በማሃራሽትራ ደግሞ ክብ ክብ የስኳር ጌጦች በክር ተሰክተው የአንገት ሐብል ይሆናሉ፤ በሆሊ ለልጆች ይታደላሉ፤ በጉዲ ፓድዋ፣ በአዲስ ዓመታቸው፣ በየደጁ በሚቆመው ያጌጠ እንጨት ላይ ይንጠለጠላሉ። በቤንጋል ለሆሊ እንደ ቤተ መቅደስ ጫፍ የሾለ የስኳር ቅርጽ አለ። በሰሜን ሕንድ በዲዋሊ ሰሞን የሚሸጡትን ዝሆንና ፈረሶች ሰዉ በግልጽ «የስኳር መጫወቻ» ነው የሚላቸው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ እጅ ያልለመደው ሰው ግን አያወጣውም። መቅረጫው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ሁለት ገጽ ያለው ነው። ስኳሩ እንዳይጣበቅበት አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሁለቱ ገጾች ተገጣጥመው ይታሰራሉ። ስኳርና ውኃ ይፈላል። ጥቂት ወተት ጠብ ሲደረግበት ቆሻሻው ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል፤ የነጭነቱ ምሥጢር ይኸው ነው። ሽሮፑ በጣቶች መካከል ሲሳብ ክር የሚያወጣበት ደረጃ ሲደርስ ከእሳት ወርዶ ይታሻል። ገና ማፍካትና መደፍረስ ሲጀምር በፍጥነት ወደ መቅረጫው ይገለበጣል። ቀድሞ ቢገለበጥ አይረጋም፤ ቢዘገይም ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እስሩ ሲፈታ ዝሆኑ ይወለዳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የአገዳ ስኳር አንድ ጠባይ ስላለው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ፍሬ ይሠራል፣ የተሰጠውን መልክ ይዞ ይቀመጣል። ሕንዶች ይህን ጠባይ ከማንም ቀድመው አወቁ። ስሙን ያወጡትም እነርሱ ናቸው። በሳንስክሪት «ሻርካራ» ማለት ጠጠር፣ ኮረት ማለት ነበር። ቃሉ በፋርስ «ሸከር»፣ በዐረብ «ሱከር» እየተባለ ተጉዞ እኛ ዘንድ ስኳር ሆነ። ታላቁ እስክንድር ሕንድ በዘመተበት ወራት የባሕር አዛዡ ኒያርኩስ በዚያ ንብ ሳይኖር ማር የሚሰጥ ሸንበቆ እንዳለ መናገሩን ስትራቦን ጽፎልናል። ግሪካዊው ጣፋጭ ነገር ሲያይ ሌላ ቃል አልነበረውም፤ ማር አለው። አያቶቻችን ቢሆኑም ከዚህ የተለየ ስም የሚያወጡለት አይመስለኝም።

ስኳሩ ወደ እኛ አካባቢ ብቅ ያለው ደግሞ ከሚገመተው በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ስለ አዱሊስ፣ ስለ አክሱምና ስለ ንጉሡ ዞስካሌስ የሚነግረን «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለው የነጋዴ መጽሐፍ፣ ከሕንድ ወደ አፍሪካ ቀንድ ወደቦች የሚጫነውን ሸቀጥ ይዘረዝራል። ስንዴ፣ ሩዝ፣ ቅቤ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የጥጥ ጨርቅ፤ ከእነዚህ ጋር «ሳካሪ» የሚባል የሸንበቆ ማር። ከመነሻ ወደቦቹ አንዱ ባሪጋዛ ነው፤ የዛሬው የጉጃራት ብሃሩች። እንግዲህ ስኳር ባሕራችንን ካወቀ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ደጋው ወጥቶ የድሃ ቤት ጓዳ የገባው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል። በመካከሉ ያለውን ዘመን ምን ሞላው?

ማር ነዋ!

የማር ጠባይ ከስኳር ተቃራኒ ነው። እርሱም ይረጋል፤ ነጩ የላስታ ማር ረግቶ እንደ ቅቤ በማንኪያ እንደሚወጣ የቀመሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ቅርጽ አይዝም። በውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ዋና ስኳሮች አንደኛው በቀላሉ የማይረጋና ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ፣ የማር ዝሆን ብንሠራ ገና ደጅ ሳይደርስ ይተኛል። ማር የሚሰጠን ወይ የሚላስ ነው ወይ የሚጠጣ። ስለዚህ የእኛ የበዓል ጣፋጭ ወደ መቅረጫ ሳይሆን ወደ ጋን፣ ወደ ብርሌ፣ ወደ ዋንጫ ሄደ። የሕንዱ ልጅ በዓሉን በእጁ ሲይዝ የወሎው ልጅ ይጎነጨዋል። በእጁ የሚያዝለት ካስፈለገማ ቡሄ ሲደርስ ሙልሙል አለለት፤ በእጅ የተድቦለቦለ፣ ለእርሱ ተብሎ የተጋገረ ዳቦ። በጥምቀት ሎሚ አለ፤ እርሱ ግን ከፍ ላሉት ነው፣ ለሚወራወሩት። ከግሸን ንግሥ የሚመለስ ምእመንም ለቤተሰቡ ይዞ የሚገባው ጠበልና እምነት ነው። ግሸን ራሷ መስቀለኛ ተራራ ናት፤ በአምባሰል ምድር ትልቁ ቅርጽ የሰው እጅ ያልነካው መሆኑን ልብ ይሏል።

ማር የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ክረምቱ ሲወጣ አደይና የመስክ አበባ ይፈነዳል፤ ንቦች መስከረምን ሲቀስሙ ይከርማሉ፤ ቀፎ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲገቡ የአዲሱ ዓመት ማር ገና አበባ ላይ ነው። ማሩ የሚደርሰው ለገናና ለጥምቀት፣ ለጥር ሠርግ ነው። የሠርጋችን ወር ጥር የሆነው በአዝመራው መሰብሰብና በጾሙ መፈታት ነው ይላሉ፤ ማሩም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ።

በወሎ ደግሞ ማር ሌላ ሥራ አለው። እዚህ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት፣ በአንድ ዝምድና ይኖራል። በሠርግ ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ጠጁ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ይከለከላል። ብርዙ ግን የጋራ ነው። ያልፈላ ማርና ውኃ ማንንም አያስቀይምም። አንዱ ወገን «በስመ አብ» ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ ከአንድ ማድጋ ይጠጣል። ጠጅ የመኳንንት መጠጥ፣ ማር የገዢ ግብር ሆኖ በጉንዶ ሲሰፈር የኖረበትን ዘመን አልረሳሁም፤ ከገበሬው ቀፎ የተቆረጠው ብዙው በገበሬው ጉሮሮ አልወረደም። የቀረችው ጥቂቷ ግን የምትቀርበው ለሁሉም ነበር።

አሁን ወደ ቅርጹ ልመለስ። እኛ ጣፋጩን ባንቀርጽም ከዚያው ቀፎ የሚወጣውን ሌላውን ነገር ቀርጸናል፤ ሰሙን። በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበትና በ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈው ወንጌላቸው ዛሬም በሚገኝበት ገዳም፣ ለስንት ሌሊት ስንት ጧፍ እንደነደደ ማን ይቆጥራል? ጧፍ ማለት በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል ነው። አንጥረኛውም ከዚሁ ሰም መስቀል ይቀርጻል፤ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብረት ወይም ወርቅ ይገባል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የተባለው ከዚህ ነው። ሕንዱ መቅረጫውን አስቀምጦ የተቀረጸውን ይበላል፤ የእኛ አንጥረኛ መቅረጫውን አቅልጦ የተቀረጸውን ያስቀራል። ይህን ሳስብ ባዶ እጃችንን የቀረን አይመስለኝም። ልጆቻችን የሚበላ ዝሆን አላገኙ ይሆናል፤ ሲያድጉ ግን የሚተረተር ስንኝ ይጠብቃቸው ነበር።

ድህነት ነው የሚለውን መልስ የማልቀበልበት ሌላም ማስረጃ አለኝ። በካይሮ ለመውሊድ ከስኳር «የመውሊድ ሙሽራ» እና ፈረሰኛ በእንጨት መቅረጫ ይሠራሉ፤ ልማዱን ከፋጢማውያን ዘመን ጋር ያያይዙታል። ዛሬ ዛሬ ሙሽሪት አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ከፕላስቲክ ነው አሉ፤ ያሳዝናል። በወሎም መውሊድ ታላቅ በዓል ነው። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባቀኑት በጀማ ንጉሥ፣ በዛሬው አልቡኮ ወረዳ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሕዝብ ይሰበሰባል። በዚያ ዕጣን አለ፣ ቡና አለ፣ ጫት አለ፣ ለብዙ ሺህ ሰው የሚታረድ ሰንጋ አለ፤ ከሁሉም በላይ መንዙማ አለ። በዓሉ አንድ ነው፤ አባይ ዳር ላይ ስኳር የአገሩ ምርት ስለነበረ ሙሽራ ሆነ፤ እዚህ ስላልነበረ ቃሉና ዜማው ጣፋጭ ሆኑ።

የስኳር አመጣጥ ወደኛ ረጅም ታሪክ አለው፤ እኔ አሳጥረዋለሁ። ውጫሌ፣ የአምባሰል ከተማ፣ በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተዋዋልንባት ናት። ውሉ በአንድ አንቀጽ አተረጓጎም ፈረሰ፤ ጣልያን ዓድዋ ላይ ተሸነፈ፤ አንዲት ቃሉ ግን ሳትዋጋ ገብታ ቀረች፤ ከረሜላ። በምኒልክ ዘመን ከጉጃራት የመጡት የመሐመድአሊ ኩባንያ ነጋዴዎች በንግዱ ገናና ነበሩ፤ ጣልያን በ1937 እ.ኤ.አ. አባረራቸው። ከነፃነት በኋላም ስንትና ስንት ሕንዳውያን መምህራን በየሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምረውናል። የበዓል መቅረጫቸው ግን በየቤታቸው ቀረ፤ ወደ ገበያችን አልወጣም። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከወንጂ ስኳር ጋር ስሙ የተያያዘው ደስታ ከረሜላ በየሱቁ ተሰለፈ። የአባቶቻችን ትውልድ የበዓል ሳንቲሙን የሚያውልበት ነገር አገኘ። በሊሬ የሚገዛ ዝሆን አልነበረም፤ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ፍሬ ነበረች። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ ስኳርም በደርግ ዘመን በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኮታ ሆነ። ኮታው በሌላ መልኩ በእኛም ዘመን ተመልሶ መጥቶ፣ በሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ለሁለት ኪሎ መሰለፍን አይተናል። የሚሰለፉለት ነገር ደግሞ ክብር ያገኛል። የልጅነት ጎረቤታችን እትዬ እንግዳ ሲመጣ ሻዩን ጣፋጭ አድርገው የሚያቀርቡት ለሚያከብሩት ብቻ ነበር።

ቋንቋችን ግን ለስኳር ፊቱን አላበራለትም። ማር በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ የሚላሰውና «ይቅር በል» የሚለው ትእዛዝ። ባለቅኔ ሁሉ ይህን ኅብረ ቃል ስለዘረፈው ዛሬ እንደ አሮጌ ሳንቲም አልቋል፤ እኔም ከዘራፊዎቹ አንዱ ነኝ። ማተሚያ ቤት ካላያቸው ስንኞቼ መካከል ይህች አለችበት፦

በደልኩህ ወዳጄ፣ ቀፎህም ይመስክር፤
ካንተ ሌላ የለኝ፣ እባክህ አንተው ማር።

በስኳር እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት ሞክሬ አውቃለሁ፤ ቃሉ አይታጠፍም። ያገኘው ብቸኛው ሁለተኛ ትርጉም በሽታ ነው። «ስኳር አለበት» ስንል የቤቱን ጓዳ ማለታችን አይደለም። በሁለት ሺህ ዓመት መንገድ መጥቶ ከእኛ ዘንድ የተሰጠው ወርቅ ይህ መሆኑ አንዳንዴ ያሳዝነኛል፤ በማይሶር ምርቃት ነውና።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብርዝ ከሠርጋችን እየወጣ ነው፤ በቦታው የለስላሳ ሣጥን ይደረደራል። ለስላሳውም የጋራ ነው፣ ሁለቱም ወገን ይጠጣዋል፤ ይህን አልክድም። ማሩ ተወደደ፤ የተወደደ ነገር ደግሞ ይሸቀጣል። በብዙ ቤት «ጠጅ» ተብሎ የሚቀዳው ስኳርና ጌሾ ነው። ማሩ ራሱ ስኳር ተቀላቅሎበት ለገበያ ይቀርባል። ያ ቅርጽ የሚይዝ ነገር ቅርጹን ጥሎ፣ ቀልጦ፣ የማሩን ልብስ ለብሶ ገባ። ዝሆን ሆኖ ቢመጣ ኖሮ እናውቀው ነበር።

ባለፈው ጥር ከአምባሰል ደጋ ማር ይዘው ከወረዱ አንድ አባት ገበያ ላይ ቆሜ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ ማሩን በጣቱ ይነካል፤ ያሸታል፤ አንዱ ክብሪት ነክሮ ይለኩሳል፤ አንዷ አፈር ላይ ጠብ አድርጋ ትንከባለል እንደሆነ ታያለች። እርሳቸው ምንም አይሉም። ተራዬ ሲደርስ፣ «አባባ፣ ስኳር የለበትም አይደል?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ» አሉና ከእንስራው ከነእንጀራው የተቆረጠ ማር አውጥተው አሳዩኝ። የሰሙ ዐይኖች ስድስት ስድስት ማዕዘን ሆነው፣ ተደፍነው፣ ተሰልፈው ነበር። «ሰው ማሩን ያስመስለዋል፤ ይህን ግን ማን ይሠራዋል? ዛሬ ገዢ ሁሉ ከነሰፈፉ ካልሆነ አይወስድም።»

ልከፍል ገንዘብ እየቆጠርኩ ሳለ ከጎናቸው ሽንኩርት የሚሸጥ ጎልማሳ ሳቀ። «እርሱስ ቢሆን፣ ጋሼ» አለኝ፣ «በበጋ አበባው ሲጠፋ ንቧንስ ምን ያበሏታል? ስኳር በጥብጠው አይደል?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ስትራብ ነው» አሉ፤ «እንድትከርም ነው። የምንቆርጠው የአበባውን ነው።»

ሁለት ኪሎ ገዛሁ።